አዲስ ቅዳም ምን የሚሣል አላት?

«አዲስ ቅዳም ደግሞ ምን የሚሣል አላት?» ይሉናል። የሚሉት ከኢንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲያልፉ በመኪና መስኮት ያዩን ናቸው። ወንድሜ፣ አንተ ከተማ አላየህም፤ ያየኸው የከተማ ጎን ነው። እየበረረ ያለፈ ሰው ስለ መልክ አይመሰክርም። ውረድ፣ ገበያ ግባ፣ ጭቃው ጫማህን ይያዘው። ከዚያ በኋላም «ምንም የላት» ካልክ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።

ክርክሩ የመጣው ከትምህርት ነው። ልጆቻችን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አላቸው። በዚያ ትምህርት ውስጥ እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ ጉዳይ አለ፦ ሠዓሊ፣ ፎቶ አንሺ ወይም ደራሲ አንድን ከተማ፣ አንድን አገር እንዴት አድርጎ ያሳያል? ምኑን ያጎላል? ምኑን ይተዋል? የአዲስ ቅዳም ተማሪ ይህን ከአዲስ ቅዳም ይጀምር ባልኩ ቁጥር ከየአቅጣጫው ምላስ ይመዘዝብኛል። ይመዘዝ፤ እኔም አፍ አለኝ።

«መጀመሪያ ታላላቆቹን ይወቁ፤ ወደ ሰፈራቸው በኋላ ይመለሳሉ» የሚለኝ አለ። እሺ ጌታዬ፣ በታላላቆቹ ልምጣልህ። በጃፓን ከኤዶ፣ ከዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ነው፣ እስከ ኪዮቶ የሚወስድ ቶካይዶ የሚባል መንገድ ነበር። በመንገዱ ላይ 53 ማረፊያዎች ነበሩ። ሂሮሺጌ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1833 እና በ1834 እነዚያን ማረፊያዎች አንድ በአንድ ሣላቸው፤ መነሻውና መድረሻው ሲጨመር 55 የእንጨት ኅትመት ሥዕል ሆነ። ምን ሣለ መሰለህ? ዝናብ ድንገት የወረደባቸው ተሸካሚዎች፣ ወንዝ የሚሻገሩ መንገደኞች፣ ሻይ ቤት አረፍ ያለ ሰው። ዛሬ የዓለም ሙዚየሞች ሰቅለው የሚያሳዩት አንተ በመስኮት እያየህ የምታልፈውን ዓይነት ከተማ ነው።

እስቲ አሁን ከደጀን ተነሥተህ የመንገዳችንን ከተሞች ቁጠርልኝ። ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ፣ ኮሶበር (ኢንጅባራ)፣ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ ወተት አባይ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር። ይህ ከቶካይዶ በምን ያንሳል? ማንኩሳን እንኳ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አንሥተዋታልና፣ እግሩ ማንኩሳን ያልረገጠ አንባቢ ስሟን በቃሉ ይዞታል። ጥሊሊን ማን ያንሣት? ዱርቤቴን ማን ያንሣት? በየከተማው ያለ አንድ ትምህርት ቤት የራሱን ከተማ አንድ ጊዜ ቢሥል መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተሣለ ማለት ነው። ተማሪው ከሂሮሺጌ የሚወስደው ይህን ድፍረት ነው፤ የጃፓኑን የፉጂ ተራራ አስመስሎ መቅዳት ሌላ ሥራ ነው።

«ሂሮሺጌ እኮ ዋሽቷል!» ይለኛል ሌላው። ይህ ሰው አንብቧል፤ አከብረዋለሁ። ካምባራ የምትባለውን ማረፊያ ሂሮሺጌ በከባድ በረዶ ሸፍኖ ሣላት፤ ቦታው ግን በረዶ እምብዛም የማይዘንብበት ሞቃት ጠረፍ ነው። ብትፈልግ ልጨምርልህ፤ ኤል ግሬኮ የተባለው ሠዓሊም የስፔኗን ከተማ ቶሌዶን ሲሥል ካቴድራሉን ከቦታው አንሥቶ ሌላ ጎን አቁሞታል፤ ከመረጠው ማዕዘን አልታይ ቢለው እንዲታይለት ብሎ ነው። ክፍል ውስጥ ይዤው የምገባው ጥያቄም «ለምን?» የሚለው ነው። ማዘጋጃ ቤት ያወጣው ፕላን አንድ ክንድ ከሳተ ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰሳል። ሠዓሊ ካቴድራል ሲያዛውር ግን «ለምን አዛወርከው?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ከገበያው አጠገብ አምጥቶ ቢሥል፣ «ተሳስተሃል» ብሎ ቀይ ብዕር የሚያነሣ መምህር ቸኩሏል። አስቀድሞ ይጠይቀው። ምናልባት ልጁ ከገበያ መልስ እናቱ ሳትሳለም አልፋ አታውቅ ይሆናል፤ በእሱ ዓይን ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው።

«እኛን ማን ፈልጎ ይሥለናል?» የሚለኝ ደግሞ የገዛ ልጃችን ነው፤ ይህኛው ያሳዝነኛል። ልጄ፣ አገርህ ከተሣለች ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ማን እንደሣላት ግን አልነገሩህም። ስማኝ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ አለ። ከእሱ በፊት፣ በ1618፣ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ብሩስ የፓኤዝን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ገጽ ፈጅቷል። የአገው ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ምንጩን እያከበረ፣ ውኃውን እየጠጣ እዚያው ይኖር ነበር።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው የብሩስን ጓደኛ ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል፤ የቦሎኛ ልጅ ነው፤ ብሩስ ከጣሊያን ቀጥሮ ያመጣው ለሥዕል ሥራ ነው። ኮሶውን፣ ዋንዛውን፣ እንሰቱን፣ ጤፉን ቅጠል በቅጠል፣ ፍሬ በፍሬ ሣለ። እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ሞተና እዚያው ቀረ። ብሩስ አገሩ ገብቶ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ባሉጋኒ የግሽ ጉዞ ሳይጀመር እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ እጅ ሥራ አስመሰላቸው። የባሉጋኒ ማስታወሻ ኋላ ሲገለጥ ግን ሰውየው እስከ ግሽ ድረስ አብሮ ሄዷል! ምንጩ አጠገብ ቆሟል! ሁለት ሰው የደረሰበትን ቦታ አንዱ ለብቻው ወሰደው፤ የሌላውን ሞት እንኳ ወደ ኋላ ጎትቶ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ደጃችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ለሥዕል ትምህርት ምሳሌ አጣን የሚል መምህር ሲገጥመኝ እቆጣለሁ። ስለ አንድ ቦታ ሥዕል መጠየቅ ያለበት ሁሉ እዚህ አለ። ማን አየ? ማን ሣለ? ስሙን ማን ጻፈበት? ለማን ታየ? የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል፤ ማዕከሉም ስብስቡን በኢንተርኔት ለሁሉ ክፍት አድርጓል። መምህር ሆይ፣ ስልክዎን ያውጡ፣ የባሉጋኒን ዋንዛ ለልጆቹ ያሳዩ፣ ከዚያ ይዘዋቸው ይውጡና የቆመውን ዋንዛ ያሳዩአቸው። ባሉጋኒ የቅጠሉን ጅማት አልሳተም። ከዋንዛው ሥር የሚዳኙትን ሽማግሌዎች፣ ጥላው ሥር የምትነግደውን ሴት ግን አልሣለም፤ የታዘዘው ተክል ነበርና። ልጁ ያንን ይጨምርበት።

ዳንግላም የራሷ አላት። ሜጀር ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ጣናን ዞሮ፣ ዓባይን ተከትሎ ካርታ አወጣ፤ በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። «ካርታ ሥዕል ነው እንዴ?» አትበለኝ። መስመር ስቦ፣ ይህን አስገብቶ ያንን ትቶ አገር የሚያሳይ ሁሉ ሥሏል። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንዲሠራ ትደራደር ነበር፤ ስለዚህ ውኃው በጥንቃቄ ተለካ። አያትህ በአዊኛ የምትጠራውን የእያንዳንዱን ኮረብታ ስም ግን ማን ለካው? አንተ ጠይቃት፣ አንተ ጻፈው፣ ካርታህን አንተ ሥራው።

«እሺ ይሣሉ፤ ግን ፈረስ ይሣሉ። አገራችን አዊ ማለት ፈረስ ነው» የሚሉኝ በቅን ልቦና ነው። በፈረሳችን ማንም አይመጣብኝም። ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ኢንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ፣ ፈረሱ በጌጥ ተንቆጥቁጦ ሜዳውን ሲያናውጠው ያየ ሰው ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ካሜራውም ሁሉ የሚመጣው ያን ቀን ነው። ታዲያ እኔ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ጥር 23 የሣላችሁትን ፈረስ ጥር 24 ፈልጉት። ጌጡ ወርዷል፤ ድንች ተጭኗል፤ ገብስ ተጭኗል፤ ጋሪ ይጎትታል። ባለቤቱ ያው ነው፣ ፈረሱ ያው ነው። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን የሰቀለ ክፍል አዊን ሣለ። አንዱን ብቻ የሰቀለ የበዓሉን ቀን ሣለ፤ እሱም ጥሩ ነው፣ አዊ ግን ከበዓሉ በኋላም አለች።

«ከዚህ ውጭ ያላችሁ ከሰል ነው፤ ከሰል ደግሞ አይሣልም!»

ማን ነው ያለው? እንዲያውም ከሰሉ ላይ ትንሽ ልቀመጥበት። የአዲስ ቅዳምን ወረዳ፣ ፋግታ ለኮማን፣ ከሩቅ ያየ ሰው ጥቁር አረንጓዴ የለበሰ አገር ያያል። ዛፉ ዲከረንስ ነው፤ ትውልዱ አውስትራሊያ ነው። ገበሬያችን አሲዳማ ሆኖ አልሰጥ ያለውን መሬቱን በእሱ መለሰው። አያያዙን ከተማ ያለ ሰው አያውቀውምና ልንገርህ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፉ ጋር አብሮ ይገባል፤ ከሩቅ የምታየው ጤፍ ብቻ ነው። ጤፉ ታጭዶ ሲነሣ ችግኙ ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ባለው ጊዜ በመካከሉ ሣር ይበቅላል፣ እየታጨደ ለከብት ይወጣል። ከዚያ ዛፉ ይገጥማል፤ ውስጡ ጨለማ ይሆናል። በአራተኛ በአምስተኛው ዓመት ይቆረጣል፤ እንጨቱ ይከመራል፣ በሣርና በአፈር ይለበጣል፣ እሳት ይገባበታል፤ ቀን ከሌት እየተጠበቀ ይጤሳል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ መንገድ ዳር ይደረደራል፤ መኪና ጭኖት አዲስ አበባ ይገባል። መሬቱ ደግሞ እንደገና ይታረስና ጤፍና ችግኝ ይገባበታል።

አየኸው? አንድ ማሳ፣ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ጥቁር። ሠዓሊው ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 ቤቱ አጠገብ የነበረውን የእህል ክምር በጧት፣ በማታ፣ በበረዶ፣ በፀሐይ 25 ያህል ጊዜ ሣለውና ዓለም ስሙን ያዘለት። የእሱ ክምር የሚለዋወጠው ብርሃን ሲለዋወጥ ነው። የእኛ ማሳ ከነማንነቱ ይለወጣል። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ የአባቷን ማሳ ዛሬ ሥላ፣ በየዓመቱ እየደገመች 8ኛ ክፍል ብትደርስ፣ በእጇ ያለው የአንድ ወረዳ የኑሮ ታሪክ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የገባው በሽታም ዛፉን እያደረቀ የስንቱን ተስፋ ይዞ እንደሄደ በሥዕሏ ላይ ይታያል፤ አረንጓዴው ባለበት ቦታ ዝገት የመሰለ ቀለም ትቀባለች። አባቷ ያን ቀለም አይቶ ዝም ይላል እንጂ «ይህ ምንድን ነው?» አይላትም።

ከሳተላይት የተነሣውን የወረዳውን ምስል አምጥተህ ከሥዕሏ አጠገብ አድርገው። በሳተላይቱ ምስል አገሩ እየለመለመ መጥቷል፤ ሌላው ቦታ ደኑ ሲራቆት የእኛ ወረዳ ለብሷል፤ ይህ እውነት ነው፣ ተመራማሪዎችም የተገረሙበት ነው። በልጅቱ ሥዕል ላይ ደግሞ ጭስ አለ፤ ዓይኗን የሚያቃጥል፣ ወንድሟን የሚያስለው ጭስ። እሱም እውነት ነው። «ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ትምህርቱ ገብቶታል። አንዱ ከላይ አየ፤ አንዷ ከቅርብ አየች። ከላይ የሚያይ ሰው አይታፈንም፤ ከቅርብ የሚያይ ደግሞ ድንበሩን አያገኘውም። ቱሪስት የሚጠራው ፖስተር የዘንገናን ሐይቅ ብቻ ያሳያል፤ ዘንገና ውብ ናት፣ ትታይ፤ የከሰሉን ጆንያ ግን ከሥዕል ያወጣ ሰው ጆንያውን የሞላውን ሰው አብሮ አወጣው።

«የኛ ሠዓሊዎችስ ከተማ ይሥላሉ?» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። አዲስ ገዛኸኝ የአዲስ አበባን የቆርቆሮ በርና መስኮት ደራርቦ፣ መሠረት የሌለው፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ ከተማ አድርጎ ይሥላል፤ ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ሲያየው ማብራሪያ አይፈልግም። ግርማ በርታ መንገደኛውን በስልኩ አንሥቶ፣ ከኋላው ያለውን ከተማ ሁሉ አጥፍቶ፣ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆመዋል፤ ከተማውን የምታውቀው በሰውየው አረማመድ ነው። ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦ ጎንጉኖ ከአውሮፕላን የታየ አገር የሚመስል ሥራ ይሠራል። ለአዲስ ቅዳም ልጅ ከሁሉ በፊት የማሳየው ግን የወልድያውን ታደሰ መስፍንን ነው። «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚለው ተከታታይ ሥራው የሣለው ጉልት ላይ የሚቸረችሩ ሴቶችን ነው፤ ድንኳኑን፣ አጥሩን፣ ጫጫታውን ሁሉ አውጥቶ ሴቶቹን ብቻ አቆማቸው፤ ቀጥ ብለው፣ እንደ ቤተ መንግሥት ዓምድ። ገበያ ከእነሱ ውጭ ምን እንዳለው እስቲ ንገረኝ? ልጁ ይህን አይቶ የእኛ ገበያ ሲገባ እናቱን በሌላ ዓይን ያያታል፤ ድንች ፊቷ ከምራ የተቀመጠችው እናቱ ቆማ ታየዋለች።

ዘፈንም እንዳይረሳ። አምባሰልና ባቲ ቦታዎች ናቸው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በስማቸው ይጠራሉ። አገር በድምፅ ይሣላል ማለት ይህ ነው። የአዊ አገር ድምፁ ምን ይመስላል? ተማሪው የሰርጉን ዘፈን በአዊኛ ቀድቶ ያምጣ፣ ክፍሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይስማው፣ የሰማውን ይሣለው።

አንድ አባት ደግሞ «ሥዕል እንጀራ ይሆናል?» አሉኝ። አባቴ፣ ለሁሉም አይሆንም፤ አልዋሽዎትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የከተማው ፕላን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ «አስተያየት ስጡ» ሲባል ማን ነው ያነበበው? ቀዩ መስመር በማን ግቢ እንደሚያልፍ፣ አረንጓዴው የማንን ሱቅ እንደዋጠ ማን አወቀ? የቦታን ሥዕል ማንበብ የተማረ ልጅ ያን ግድግዳ ፊት ቆሞ «ይኸ መንገድ የእኛን የውኃ ጉድጓድ ያፈርሳል» ይልዎታል፤ ግንበኛው ሳይመጣ፣ ማመልከቻ የሚገባበት ቀን ሳያልፍ። ይህ ከእንጀራም አይርቅ፣ አባቴ።

ከትምህርት ቢሮ በኩል የሚመጣውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ «ቁሳቁስ የለም፤ የሥዕል ቀለም ውድ ነው፤ በጀት አልተያዘም።» ጌታዬ፣ ሠዓሊ ከጥንት ጀምሮ በምን እንደሚነድፍ ያውቃሉ? በከሰል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪም በከሰል መንደፍ ይለማመዳል። ከዚህ መንገድ ዳር ተጭኖ ለአዲስ አበባ ምድጃ የሚሄደው ጆንያ ሥሩ ላይ የሚቀረው ስባሪ ለአንድ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ይበቃል፤ ቀጭን ቀጭኑን ልጆቹ ራሳቸው ይለቅሙታል። ስለዚህ በጀቱን አብረን እንያዝ፦ ከሰሉ ከእኛ፣ ወረቀቱ ከእርስዎ።